የሰንጋ ተራ መስታወትና የጥቁር አንበሳው ግድግዳ

 የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አረፍ ብላችሁ ብታነቡት ይሻላል።

በቅርቡ አክስቴን ለክትትል ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አድርሻት ነበር። ቀድመን ስለደረስን ጊዜ ተረፈን። «እስቲ እግሬን ላፍታታ» አለችኝና መንገዱን ተሻገርን። ፊት ለፊቱ የትግላችን ሐውልት ነው። አክስቴ የልደታ ልጅ ናት። ተወልዳ ያደገችው እዚያ ነው፤ ታላቅ ወንድሟንም ያጣችው እዚያው ነው፣ በቀይ ሽብሩ ዘመን። በአጥሩ በኩል ከሐውልቱ ግራና ቀኝ ያሉትን የተቀረጹ ግድግዳዎች ዝም ብላ አየቻቸውና «ሰውዬው አሁንም እዚሁ ነው?» አለች።

ሰውዬው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እኔም ብዙ እንዳነበበ ሰው ኮራ ብዬ «እቴቴ፣ ይሄ ነገር ድሮ መፍረስ ነበረበት» አልኳት። የመለሰችልኝን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። መልሷ ሐሳቤን ስላስለወጠኝ ነው ይህን ጽሑፍ የምጽፈው።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ግድግዳ እናውራ።

ግድግዳ ሲናገር

ባለሙያዎች ሪሊፍ ይሉታል። ከግድግዳው ሳይለይ ጎላ ብሎ የወጣ ቅርጽ ማለት ነው። ሐውልትን ዙሪያውን ዞራችሁ ታዩታላችሁ። ሪሊፍ ግን ጀርባ የለውም፤ ጀርባው ሕንጻው ራሱ ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት በኋላ ትልቅ ነገር ሆኖ እንደሚመጣ ታያላችሁ።

ጥበቡ ለእኛ ከውጭ የመጣ አይደለም። አክሱም ሄዳችሁ ትልልቆቹን ሐውልቶች ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ከፊት ለፊታቸው በታች በር ተቀርጿል፤ በሩ ላይ መቀርቀሪያው ሳይቀር አለ። ከበሩ በላይ መስኮት በመስኮት ላይ ይደራረባል። በየፎቁ መካከል ክብ ክብ የሆኑ ጉብታዎች በመስመር ተሰድረዋል። እነዚህ ጉብታዎች በጥንቱ የአክሱም አሠራር ከግድግዳው ወጣ ብለው የሚታዩት የእንጨት ጫፎች ናቸው፤ እንጨቱን በድንጋይ አስመስለው ቀረጹት። ያንኑ አሠራር በእውነተኛ እንጨት ማየት የሚፈልግ ደብረ ዳሞ ይውጣ።

እንግዲህ አስቡት። ከሁሉም የሚበልጠው፣ ዛሬ ተሰባብሮ መሬት ላይ የተጋደመው ሐውልት 33 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ ክብደቱ 520 ቶን ገደማ ይገመታል፤ የተቀረጸበት የ13 ፎቅ ሕንጻ ነው። ይህ የሆነው ከ1,600 ዓመታት በፊት ነው። በዚያ ዘመን አክሱም ውስጥ 13 ፎቅ ቤት የሠራ ሰው አልነበረም። የቀረጹት ያላቸውን አይደለም፤ የተመኙትን ነው። በሩ አይከፈትም፣ መስኮቱ አያስተነፍስም፣ ፎቁ ላይ የሚወጣ የለም። ከሥሩ ያለው መቃብር ነው። ለሞተ ሰው የተሠራ ሰማይ ጠቀስ ቤት ልትሉት ትችላላችሁ።

እነዚያ ትልልቅ ሐውልቶች ላይ ስም አልተጻፈም። ያሠራው ንጉሥ ማን እንደሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አሠሪው ስሙ ጠፋ፤ የጠራቢው እጅ ግን እስከ ዛሬ ይታያል። ከንጉሡ ይልቅ ስለ ቤት አሠራሩ፣ ስለ እንጨቱ፣ ስለ በሩ መቀርቀሪያ የበለጠ እናውቃለን። ግድግዳ ላይ የሚቀረጽ ነገር አሠሪው ሊናገር ያሰበውን ብቻ ይዞ አይቀርም፤ ሳያስበው ያስገባውንም ይዞ ይኖራል። የዛሬውን ነገሬን ሁሉ የማስረው በዚህች ሐሳብ ላይ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ታውቃላችሁ። 24 ሜትር ገደማ የሆነውን ሁለተኛውን ሐውልት የሙሶሊኒ ጦር በ1937 እ.ኤ.አ. ሮም ወሰደው። ያቆሙት የጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር ሊሆን ታስቦ በተሠራው ሕንጻ ፊት ነበር። ጦርነቱ አለፈ፤ ሚኒስቴሩም ጠፋ፤ ሕንጻው የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መቀመጫ ሆነ። ሐውልቱ በ2005 እ.ኤ.አ. በሦስት ቁራጭ በአውሮፕላን ተመልሶ፣ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. በቦታው ዳግም መቆሙ በይፋ ተከበረ። ሌባው የወሰደው ለድሉ ምስክር እንዲሆነው ነበር። ድንጋዩ ግን በሌባው ላይ ምስክር ሆኖ ቆየ።

የኒው ዮርኩ ጣውላ

ወደ ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ ዘመን እንምጣ። በ1930ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ የሮክፌለር ማዕከል ሲሠራ የሕንጻዎቹ መግቢያዎች በቅርጽ እንዲያጌጡ ተወሰነ። የዋናው ማማ መግቢያ ላይ ሊ ሎሪ የሠራው ጢማም «ጥበብ» ዛሬም አለ። ከማዕከሉ ሕንጻዎች አንዱ ለጣሊያን የተሰየመ ነበር። ትውልደ ጣሊያኑ ቀራጭ አቲሊዮ ፒቺሪሊ ለመግቢያው ከመስታወት ትልቅ ሪሊፍ ሠራ፤ አካፋ የያዘ ወጣት ሠራተኛ ነው። ከጎኑ ስለ ዘላለማዊ ወጣትነት የሚናገር የጣሊያንኛ መፈክር ነበረበት፤ የፋሺስቶችን መዝሙር ለሚያውቅ ጆሮ መልእክቱ ስውር አይደለም። ይህ እንግዲህ ጣሊያን እኛን በምትወርርበት ዘመን ነው። እዚህ በመርዝ ጋዝ ሰው ይቃጠላል፤ እዚያ የወራሪው መንግሥት መፈክር የከተማዋን ማማ ያስጌጣል።

በ1941 እ.ኤ.አ. ጣሊያንና አሜሪካ ጦርነት ውስጥ ሲገቡ ያ ቅርጽ በጣውላ ተሸፈነ። ከዓመታት በኋላ፣ በ1960ዎቹ፣ በሌላ ጣሊያናዊ ቀራጭ ሥራ ተተካ። ከዚያ ቀደም ብሎ በዚያው ማዕከል ውስጥ የሜክሲኮው ሠዓሊ ዲዬጎ ሪቬራ የሚሠራው የግድግዳ ሥዕል ላይ የሌኒንን ፊት ስላስገባ፣ ባለቤቶቹ ሥራውን አስቁመው በ1934 እ.ኤ.አ. ሥዕሉን ከግድግዳው አራግፈው ጣሉት።

ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የሌኒን ፊት ባለቤቶቹ እንደተጣሉበት ወዲያው ጠፋ። የፋሺስቱ መፈክር ግን ጦርነት እስኪመጣ ማንንም አላስጨነቀም። ግድግዳው ላይ ከተሠራው ይልቅ፣ ምኑ ፈረሰ፣ ምኑ ቆየ፣ መቼ ተሸፈነ የሚለው ስለ ባለቤቱ ብዙ ይነግረናል። ይህን ይዘን ወደ ቸርችል ጎዳና እንመለስ።

ሁለት የአዲስ አበባ ግድግዳዎች

ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 መታሰቢያ አለ። የዩጎዝላቪያ ቀራጮች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የሠሩት ሲሆን የቆመው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው። 28 ሜትር ገደማ የሚሆነው ድንጋይ ወገብ ላይ የነሐስ ሪሊፍ ተቀርጿል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የተደረገውን የመግደል ሙከራ ተከትሎ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የደረሰው ጭፍጨፋ ነው የሚታየው። መሬት ላይ የወደቁ ሰዎች ታያላችሁ። ከቤቱ ተጎትቶ የወጣ፣ ምንም ማዕረግ የሌለው ሕዝብ ነው።

ይህ መታሰቢያ የተሠራው በንጉሡ ዘመን ነው። ንጉሡ ወረዱ፤ ደርግ መጣ። ደርግ የንጉሡን ስም ከትምህርት ቤቱም፣ ከቴአትሩም፣ ከሆስፒታሉም ላይ ሲፍቅ ይህን አልነካም። ደርግም ሄደ፤ የመጡት ሁሉ አበባ ያኖሩበታል። ለምን ይመስላችኋል? እኔ የሚታየኝ ምክንያት አንድ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው የሞተው እንጂ ያሸነፈው አይደለም። የሞተ ሰው ደግሞ የማንም መንግሥት ባላንጣ አይደለም።

አሁን ወደ ትግላችን እንምጣ። ሐውልቱ የተመረቀው መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው፤ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል። የተሠራው በሰሜን ኮሪያ እርዳታና ባለሙያዎች ነው። ምሰሶው 50 ሜትር ይረዝማል፤ ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ አለ። ግራና ቀኙ እንደ ክንፍ የተዘረጉት ግድግዳዎች ላይ የአብዮቱ ታሪክ ተቀርጿል፤ የተነሣ ሕዝብ፣ የታጠቀ ሕዝብ፣ ሕዝቡንም የሚመራው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም። ቦታው በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ለወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ወታደሮችም መታሰቢያ ነው፤ የኩባውያኑ ፎቶግራፎች እዚያው አሉ።

ግድግዳው የሚነግረን ታሪክ ግልጽ ነው፦ ድሮ ጨለማ ነበር፤ እኛ መጣንና ብርሃን ሆነ። ይህ ታሪክ ደግሞ ከምንም አልተነሣም። በ1966 ዓ.ም. አካባቢ የወሎ ረሃብ ሰው ጨርሶ ነበር፤ የንጉሡ መንግሥት ደብቆታል። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ቀርጾ ለዓለም አሳየው። ደርግም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ምስሎች ጋር አቀላቅሎ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሡን አወረደ። የሥርዓቱ ሕጋዊነት አንዱ ምሰሶ «እነሱ የተራበ ሰው ደበቁ፤ እኛ ገለጥነው» የሚለው ነበር።

አሁን ቀኖቹን ቁጠሩ። ሐውልቱ የተመረቀው መስከረም 2 ቀን 1977 ነው። በዚያን ቀን ወሎና ትግራይ ውስጥ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ከተማዋ በቀይ ባንዲራና በሰልፍ አሸብርቃለች፤ የኢሠፓ ምሥረታም በዚያው ሰሞን ነው። ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ይከለከሉ ነበር። ከምርቃቱ 41 ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን፣ የቢቢሲው ማይክል ቢዩርክ ከኮረም የላከው ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ። ንጉሡን የጣለው ድብቅ ረሃብ ነበር፤ ደርግም ያንኑ ደበቀ፤ ደብቆም ሳለ ድሉን በግድግዳ ላይ ቀረጸ።

ግድግዳው ላይ ይህ የለም። ቀይ ሽብርም የለም። የአክስቴ ወንድምም የለም።

ሌኒን ለምን ወደቀ? ትግላችን ለምን ቆመ?

ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ከአገር እንደወጣ አዲስ አበባ ያደረገችውን የምታስታውሱ አላችሁ። አፍሪካ አዳራሽ አካባቢ የቆመው የሌኒን ሐውልት ተጎትቶ ወደቀ። ሰው ያጨበጭብ ነበር፤ ሌኒን ምን በደላቸው የሚሉም ነበሩ። ትግላችን ግን ቆሞ ቀረ።

ይህን ሁለት ሰው በሁለት መንገድ ሊያስረዳችሁ ይችላል። አንዱ «ሌኒን ባዕድ ነው፤ ትግላችን ግን የወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ ነው፤ በካራማራ የሞተን ሰው መታሰቢያ ማን ያፈርሳል?» ይላል። እውነት አለው። ሌላው ደግሞ ቀደም ብዬ ያነሣሁትን ያስታውሳል። ሐውልት አንገቱ ላይ ገመድ ታስገቡለታላችሁ። ሪሊፍ ግን አንገት የለውም፤ ሰውዬውን ለማውጣት ግድግዳውን መናድ አለባችሁ። ግድግዳውን ስትንዱ ደግሞ ከሰውዬው ጋር ወታደሩም፣ ገበሬውም፣ እናቲቱም አብረው ይሄዳሉ።

ይህ የድንጋይ ነገር ብቻ አይመስለኝም። ያ ዘመን ራሱ እንደዚያ ነው። «መሬት ላራሹ» ያለውን ተማሪና ያንኑ ተማሪ በኋላ ያስገደለውን ሰውዬ፣ ለአገሩ የወደቀውን ወታደርና ወታደሩን ያዘመተውን ሥርዓት በቢላዋ ለያይቶ አንዱን ማስቀረት፣ ሌላውን መጣል አይቻልም። ግድግዳው የዋሸው ሰውዬውን ከሁሉም ፊት አስቀድሞ ነው፤ ሁሉም ተያይዞ መኖሩ ግን ውሸት አይደለም።

በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌለበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሎታል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ መስቀል አደባባይ ላይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ። ስለዚህ ዛሬ ከተማችን ውስጥ አንድ ሰው በሁለት ቦታ ተመዝግቧል፤ በአንዱ መሪ፣ በሌላው ወንጀለኛ። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድም መስመር ግን ግድግዳው ሥር አልተጻፈም። ከተማውን የማያውቅ ልጅ ትግላችንን አይቶ ቢሄድ የሚያውቀው ግማሹን ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይከፋል የሚሉ አባቶች ነበሩን።

የሰንጋ ተራ ዝምታ

ከጥቁር አንበሳ ቁልቁል ወደ ብሔራዊ ቴአትር ውረዱ። ቴአትሩ ፊት ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ለንጉሡ የ25ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ የቀረጸው የድንጋይ አንበሳ ተቀምጧል። ሦስት መንግሥት አይቷል፤ አሁንም ልጆች ፎቶ ይነሡበታል። ከዚያ ወደ ሰንጋ ተራ ጎራ በሉ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አዲሱ ዋና መሥሪያ ቤት የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲመረቅ ከ200 ሜትር በላይ ሆኖ የአገሪቱ ረጅሙ ሕንጻ ሆነ። በዙሪያው የሌሎች ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ማማዎች ተኮልኩለዋል። ጥሩ ሥራ ናቸው፤ ማታ መብራታቸው ያምራል፤ እኔም እንግዳ ሲመጣብኝ ወስጄ አሳያለሁ።

ግን ግድግዳቸው ላይ ምን አለ? መስታወት። ቀና ስትሉ የምታዩት ደመናውን ነው፤ ዝቅ ስትሉ የምታዩት ራሳችሁን ነው።

አንዳንዱ «ተመስገን!» ይላል። ይህን ክርክር ቀለል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም፤ ጠንካራ ነው። «የሚናገር ግድግዳ አይተናል፤ የሚናገረው የጌታውን ውዳሴ ነው። ዝም ያለ መስታወት ቢያንስ አይዋሽም። ደግሞ ዛሬ ይቀረጽ ብትሉ የማን ታሪክ ነው የሚቀረጸው? የማን ጀግና? በአንዱ ጀግና ሌላው የሚያለቅስበት አገር ላይ ሆነን፣ በየባንኩ ግድግዳ ላይ ጦርነት ልትከፍቱ ነው?» ይላሉ። በዓለምም ቢሆን ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ጌጥን አውልቆ መስታወት መልበስ የዘመናዊነት ምልክት ሆኗል፤ ርካሽም ነው፤ ፈጣንም ነው።

እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው። መስታወቱ ዝም አላለም። ሰንጋ ተራ ስሙን ያገኘው ከሰንጋ ገበያው ነው። ከማማዎቹ በፊት እዚያ የጭቃ ቤቶች፣ ጠባብ መንገዶች፣ የዕድር ድንኳኖች፣ የጉሊት መደቦች ነበሩ። የልደታ ሰፈር መልሶ ማልማት ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ሲጀመር ነዋሪው ተነሥቶ ገሚሱ ወደ ኮንዶሚኒየም፣ ገሚሱ ወደ ከተማዋ ዳር ሄደ። የተሻለ ቤት ያገኘ አለ፤ ዕድሩ የተበተነበት፣ ደንበኛውን ያጣ አለ። ልማቱ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው የሌላ ቀን ጽሑፍ ነው። ዛሬ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ቦታው ላይ የቀረ ነገር ቢኖር ስሙ ነው። ሰንጋ ተራ እንላለን፤ ሰንጋ የለም፤ ተራም የለም። «እዚህ ከእኔ በፊት ማንም አልነበረም» የሚል ግድግዳ፣ መስታወትም ቢሆን፣ እየተናገረ ነው። ደግሞም የሚናገረው እውነት አይደለም።

የትግላችን ግድግዳ ዋሽቷል፤ ግን በዋሸበት ቦታ ላይ ጣታችንን ማሳረፍ እንችላለን። ቀኑን አምጥተን፣ ረሃቡን አምጥተን፣ የሞተውን ስም አምጥተን «ይህ ጎድሏል» ማለት እንችላለን። ከመስታወት ጋር ግን መከራከር አይቻልም። ከ50 ዓመት በኋላ የእኛን ዘመን ሊመረምር የሚመጣ ሰው በእነዚህ ማማዎች ላይ ምን ብለን እንደፎከርን፣ ምን እንደደበቅን የሚያገኝበት ፍንጭ አይኖረውም። የአክሱም ሰዎች ቢያንስ የቤታቸውን መቀርቀሪያ ትተውልናል።

ምን ይደረግ?

ማጉረምረም ብቻ እንዳይሆን ሦስት ነገር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ትግላችን አይፍረስ፣ አይሸፈንም። ሥሩ ግን ይጻፍበት። በማን ዘመን፣ በማን እርዳታ፣ በየትኛው ቀን እንደተሠራ፤ በዚያው ቀን ሰሜን ውስጥ ምን ይሆን እንደነበር፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰው በኋላ በምን እንደተፈረደበት፤ ለአገራቸው የወደቁት ወታደሮችም የማንም ፕሮፓጋንዳ እንዳልሆኑ። አንድ ሰሌዳ ይበቃል። ጽሑፉም ስድብ አይሁን፣ ውዳሴም አይሁን፤ ቀንና ቁጥር ይሁን።

ሁለተኛ፣ በየማማው መግቢያ ላይ ሰው ቆሞ ሊያየው በሚችልበት ቁመት፣ ቦታው ቀድሞ ምን እንደነበረ የሚያሳይ ሪሊፍ ይቀረጽ። «የማን ጀግና?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ነው፤ ከጀግና አንጀምር። ከቦታው እንጀምር። ሰንጋ ተራ ላይ ሰንጋው ከነነጋዴው ይቀረጽ። ልደታ ላይ፣ ቦሌ ሳይኖር የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ እዚያ ነበርና አሮጌው አውሮፕላን ይቀረጽ። ጉሊቷ፣ የዕድሩ ጡሩንባ፣ የግንቦት ልደታ ንፍሮ ይቀረጽ። በዚህ የሚጣላ ብሔር፣ የሚቀየም ፓርቲ አላውቅም። 200 ሜትር ለሚያወጣ ባንክ ደግሞ ሁለት ሜትር ድንጋይ ወጪው አይከብደውም።

ሦስተኛ፣ እጁ የእኛ ይሁን። እስካሁን የቆጠርኳቸውን አስታውሱ፤ ዩጎዝላቪያ፣ ሰሜን ኮሪያ፣ ፈረንሳይ። ሥራቸው መጥፎ ነው አላልኩም። ነገር ግን አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከ60 ዓመት በላይ ቀራጭ እያስመረቀ ነው። ላሊበላ ቤተ ጎልጎታ ውስጥ ቅዱሳኑን በሰው ቁመት ከግድግዳው ያወጡት እጆች የማን ነበሩ? አክሱም ላይ መስኮቱን የፈለፈሉትስ? ግድግዳችን ላይ ምን እንደሚጻፍ ለሌላ ሰው በሰጠን ቁጥር፣ የሚጻፈውን የሚወስነው ከፋዩ ብቻ ይሆናል። የሰፈሩን ልጅ ብትቀጥሩት ግን «እዚህ ጋ የእማማ ጠጅ ቤት ነበር» ብሎ ይከራከራችኋል። ክርክሩ ራሱ ግማሽ ሥራ ነው።

የአክስቴ መልስ

አሁን ቃሌን ልጠብቅ። «መፍረስ ነበረበት» ስላት አክስቴ ወዲያው አልመለሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ እንደገና በአጥሩ በኩል አየች። ቀጥላ እንዲህ አለችኝ፦

«አይ ልጄ፣ አይፍረስ። የወንድሜን ፎቶ እናቴ ፈርታ አቃጥላዋለች፤ ቤታችን ፈርሷል፤ የጨረሱት ካድሬዎችም ሞተዋል። ይሄ ከፈረሰ ሰውዬው እንደነበረ በምን አስረዳለሁ? ልጆቼ እንኳ ተረት ይመስላቸዋል። ይቁም። ብቻ ከሥሩ የእኛም ይጻፍ።»

ቀጠሮዋ ደርሶ ስለነበር መንገዱን ተሻግረን ተመለስን። ከሐኪሙ ስንወጣ በሰንጋ ተራ በኩል ነው ወደ ቤት የሄድነው። ሚኒባሱ መብራት ላይ ሲቆም የንግድ ባንኩን ማማ በመስኮቱ በኩል ቀና ብላ አየችው። «እዚህ ጋ አይደል አባትህ ለፋሲካ በሬ ሊገዛ ሲመጣ ይዞኝ የሚመጣው?» አለች። እኔ አላውቅም ነበር። ግድግዳው ላይም አልተጻፈም።

እናንተስ? ሰፈራችሁ ላይ በቆመው ማማ መግቢያ ምን ቢቀረጽ ትወዳላችሁ? ትግላችንስ ይቁም ትላላችሁ ወይስ ይፍረስ? ሐሳባችሁን አካፍሉን፤ የምትቃወሙኝንም በደስታ አነባለሁ።

ቸር ሰንብቱ።